ከቢሾፍቱ እስከ ሶፍ ዑመር፦ መሬት ስትሠራ ያየንበት ጉዞ

ለብዙ ዓመታት በመንገድ ግንባታ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አፈር ነፍቻለሁ፤ ድንጋይ ጨፍልቄያለሁ፤ የትኛው ገረጋንቲ ለመንገድ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን መርምሬያለሁ። ከዚያ ሥራ የቀረልኝ አንድ ልማድ አለ። መኪና ውስጥ ስቀመጥ ዓይኔ የሚያርፈው መንገዱ ሲቆረጥ በተገለጠው ግድግዳ ላይ ነው። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ነጩ ንብርብር ሁሉ አንድ ነገር ይናገራል።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው። «ዋና ዋና የመሬት ገጽታዎች ተራራ፣ አምባ፣ ሜዳና ሸለቆ ናቸው» የሚለውን በቃሉ ይዞታል። እንዴት እንደተፈጠሩ ሲጠየቅ «በውስጣዊና በውጫዊ ኃይሎች» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው። ግን ሁለቱን ኃይሎች በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ስለዚህ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ በጥር መጨረሻ፣ ይዤው ወጣሁ። መስመሩን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ቢሾፍቱ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ የባሌ ተራሮች፣ ከዚያ ሶፍ ዑመር። እሳት፣ ስብራት፣ በረዶና ውሃ የሠሩትን በተከታታይ የሚያሳይ እንደዚህ ያለ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ቅዳሜ፤ ቢሾፍቱ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ወጣን። ፈጣን መንገዱን ይዘን ወደ ቢሾፍቱ ስንቃረብ በስተቀኝ ዝቋላ ብቅ አለ። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዙሪያው ሜዳ ስለሆነ ብቻውን ቆሞ ከሩቅ ይታያል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው። አናቱ ላይ ያለው ሐይቅ የተኛው ድሮ እሳት ይወጣበት በነበረው አፍ ውስጥ ነው።

ተራራ በተለያየ መንገድ ይፈጠራል። ሂማላያ የተነሳው ሁለት ግዙፍ የመሬት ንጣፎች ተጋፍተው መሃላቸው ስለተጨማደደ ነው። የእኛዎቹ ተራሮች ግን አብዛኞቹ የእሳት ልጆች ናቸው። ዝቋላም ከታች የመጣ ቅልጥ አለት እየፈሰሰ፣ አመዱ እየተደረበ፣ አንዱ ፍንዳታ በሌላው ላይ እየተከመረ ወደ ላይ ያደገ ነው።

ከተማው ውስጥ ገብተን ከቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆምን። ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሐይቁ 87 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው።

«ይሄም እሳተ ገሞራ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ተራራው የታለ?»

ተራራ የለውም። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ አለት መንገድ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ አገኘ። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነ። እንፋሎት ደግሞ ከውሃው እጅግ የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። መሬቱን ፈንቅሎ ወጣ። የቀረው ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ላይ የተበተነ አመድና ስባሪ ድንጋይ ክብ ሆኖ ተቀመጠ። ከጊዜ በኋላ ውሃ ሞላው። የእሬቻ በዓል የሚከበርበት ሆራ አርሰዲም፣ ባቦጋያም የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። ከዝቋላ ጋር አንድ ዓይነት እሳት ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ላይ ያገኘው ውሃ ነው። አንዱ ተራራ ሆነ፣ ሌላው ሐይቅ።

ሐይቆቹ ዳር ያሉት መዝናኛዎች ሞቅ ብለው ነበር። እኛ ግን ከሰዓቱን ያሳለፍነው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሬድ አሽ ማውጫ ነው። ሬድ አሽ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብሎኬት የሚሠራበት፣ ለመሠረት የሚሞላ ቀይ ቀላል ድንጋይ። የሚወጣው ከትናንሽ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ነው። ኤክስካቫተሩ አንዱን ጉብታ ከግማሹ በላይ ቆርጦ ወስዶታል። በቀረው ግድግዳ ላይ እያንዳንዱ የፍንዳታ ንብርብር ተዘቅዝቆ ይታያል፤ ሻካራው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ፣ እንደገና ሻካራ። ልጁ እጁን እያስነካ ቆጠራቸው።

ይህ ነገር ያሳስበኛል። እኔ ራሴ በሬድ አሽ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ግንባታ ይቁም አልልም። ግን በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየ ጉብታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተጭኖ ያልቃል። ቢያንስ ከእያንዳንዱ አካባቢ አንድ የተቆረጠ ግድግዳ ለተማሪዎች ታጥሮ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ከየትኛውም ሥዕል የተሻለ የማስተማሪያ ሰሌዳ ነው።

እሁድ፤ ከባቱ እስከ ሻላ

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከመቂ በኋላ አገሩ ዘርጋ ይላል። በስተምስራቅ የአርሲ ተራሮች፣ በስተምዕራብ የጉራጌ ተራሮች በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። እኛ ያለነው መሃል፣ ታች ነው። መኪና ውስጥ ላለ ሰው ይህ ሜዳ ነው። ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን።

ልጁ ሸለቆ ሲባል ወንዝ የቆረጠውን ነው የሚያስበው። ይሄን ግን ወንዝ አልቆረጠውም። ምሳ ላይ በዳቦ ሊጥ አሳየሁት። ሊጡን ከሁለት ጫፍ ይዘህ ስትጎትተው መሃሉ ይሳሳል፣ ይረግባል፣ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። የምስራቅ አፍሪካ መሬት እየሆነች ያለችው ይሄንን ነው። ከምዕራብ ያለው የኑቢያ ንጣፍና ከምስራቅ ያለው የሶማሊያ ንጣፍ እየተራራቁ ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ፍጥነቱ በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። በሚሊዮን ዓመት ሲባዛ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሃሉ በረጃጅም ስብራቶች መካከል ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ ጠርዞቹ ከፍ ብለው ቀሩ።

«አሁንም እየተራራቀ ነው?» አለ።

አሁንም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረውን ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ እሱም ያስታውሰዋል። አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ይወዛወዝ ነበር፤ እነሱም ሌሊት ከኮንዶሚኒየሙ ወርደው ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተዋል። ያኔ ከሥር የሆነው ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን ወደ ጎንና ወደ ጎን መግፋቱ ነው። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ሕንድ ሰማይ ደረሰ። መጽሐፉ ላይ «ውስጣዊ ኃይል» የተባለው ይሄ ነው። ድሮ ሠርቶ ያቆመ አይደለም።

ባቱን አልፈን ቡልቡላ ወንዝ አጠገብ መኪናውን አቆምን። ወንዙ በቆረጠው ዳር ላይ ነጭና ግራጫ ስስ ንብርብሮች ይታያሉ። ሲነኩት እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ይህ የሐይቅ ወለል ነው። ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አየሩ ከአሁኑ እጅግ ዝናባማ በነበረበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከዚያ አየሩ ደረቀ፣ ውሃው ወረደ፣ አራቱ ተለያዩ። ሰዉ ዛሬ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርትበት ለጥ ያለ ሜዳ ያኔ ከውሃ በታች የነበረ ነው።

ሜዳ ማለት ምንም ነገር ያልተፈጠረበት ቦታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የመሬት ገጽታ ብዙ ሥራ የገባበት ሜዳ ይመስለኛል። ከአርሲ ተራሮች የታጠበው አፈር፣ ከእሳተ ገሞራ የወረደው አመድ፣ ሐይቁ ውስጥ የኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ቅሪት፣ ሁሉም እዚህ ተጋድሞ ነው ጉድጓዱ የተደለደለው። ቆፍረህ ብታየው ተራራው እዚያ ውስጥ ነው፤ ደቆ፣ ተነጥፎ።

ወደ ማታ አቢያታና ሻላ በአንድ ላይ ከሚታዩበት አፋፍ ወጣን። መሃላቸው ያለው መሬት ጠባብ ነው። ግን ሐይቆቹ በምንም አይገናኙም። ሻላ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር፣ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው። አቢያታ ሰፊ፣ ገላጣ፣ ጥልቀት የሌለው።

ሻላ ካልዴራ ነው። ከ200 ሺህ ዓመት በላይ በፊት እዚህ ትልቅ እሳተ ገሞራ ነበር። ከሥሩ የነበረው የቅልጥ አለት ክምችት በአንድ ታላቅ ፍንዳታ ወጣ። የተሸከመው ነገር ሲያልቅበት ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ተራራው ጉድጓድ ሆነ። ዛሬም ከሥር ያለው ሙቀት አልጠፋም፤ ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይፈላል። በላንጋኖ በኩል ያለው የአሉቶ ተራራም የአገራችን የመጀመሪያው የጂኦተርማል ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ነው።

አቢያታ ግን አሳዘነኝ። ልጅ ሆኜ ካየሁት ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ውሃ የነበረበት ቦታ ነጭ ጨዋማ መሬት ሆኗል። ወደ ሐይቁ የሚገባው የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለመስታወትና ለሳሙና የሚውለውን ሶዳ አሽ የተባለ ጨው ለማምረት ውሃ ሲቀዳ ቆይቷል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ትንሽ ሲቀነስበት ብዙ ዳርቻ ያጣል። የተፈጥሮ ቅርጹ ራሱ ለጉዳት ያጋልጠዋል። ይህንን ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ማወቅ ነበረበት።

ሰኞ፤ ከሀዋሳ እስከ ዲንሾ

ሀዋሳ አደርን። ጠዋት ሐይቁ ዳር የአሳ ሾርባ ጠጣን። ሀዋሳም የተኛችው በአሮጌ ካልዴራ ውስጥ ነው። ብዙ ሳንቆይ ወደ ሻሸመኔ ተመልሰን ወደ ምስራቅ ታጠፍን።

ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ መንገዱ ይወጣል፣ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል። የስምጥ ሸለቆውን ግድግዳ እየወጣን ነው። ከ2,600 ሜትር በላይ ስንደርስ አየሩ ተለወጠ፤ እንሰት፣ ገብስ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ ፈረሰኛ። ከዚያ በኋላ መውጣቱ ቆመና አገሩ ከላይ ዘርጋ አለ። አምባ ምድር ነው።

አምባና ሜዳ ላይ ላዩን ሲያዩት ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ለጥ ያሉ ናቸው። ልዩነቱ አምባ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ጠርዝ ያለው መሆኑ ነው። አፈጣጠራቸውም ለየቅል ነው። ትናንት ያየነው ሜዳ ጉድጓድ ሞልቶ የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ በአብዛኛው የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተጀመረ የላቫ፣ ማለትም ወደ ላይ ወጥቶ የሚፈስ ቅልጥ አለት፣ ጎርፍ ነው። ያ ላቫ ከአንድ ተራራ አናት ላይ አልወጣም። መሬት በረጃጅሙ እየተሰነጠቀች ቀጭን ላቫ ፈሰሰባት፣ ረጋ፣ ሌላ ፈሰሰበት። በቦታ ቦታ ውፍረቱ ከሺህ ሜትር ያልፋል። ከሥርም መሬቱ ወደ ላይ ተገፋ። ወንዞች ከዚያ በኋላ መጥተው ቆራረጡት።

ዶዶላና አዳባ መካከል የስንዴ አገር ነው። አዝመራው ገብቶ ገለባው ቀርቷል፤ ኮምባይነሮች ዳር ዳር ቆመዋል። ሹፌራችን የዚህ አገር ልጅ ነው። ዋቤ ሸበሌን ከመንገዱ እየጠቆመ አሳየን። ወንዙ እዚህ ገና ልጅ ነው። ሜዳው ላይ ዘና ብሎ ይጠማዘዛል። ትንሽ ወረድ ብሎ፣ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ግድብ ካለበት አካባቢ ጀምሮ ግን ጠባዩ ይለወጣል። መሬቱ ሲያዘቀዝቅለት ጉልበት ያገኛል፤ ወደ ጎን መሄዱን ትቶ ወደ ታች መቁረጥ ይጀምራል። ግድቡ እዚያ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ወንዝ በወረደበት ቦታ ኃይል አለ።

ዲንሾ ስንደርስ መሽቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደጋ አጋዘኖች ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ካለው ጥድ ሥር ቆመው ያዩናል።

ማክሰኞ፤ ወይብ ሸለቆ

ፈረስ ተከራይተን ወደ ወይብ ወንዝ ሸለቆ ወረድን። ወይብ የዚህ ጉዞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ነገ ምንጮቹ ያሉበትን ከፍታ እናያለን፣ ከነገ ወዲያ መጨረሻ ላይ ያለውን ሥራውን።

ወንዙ የሚሄደው በጥቁር ላቫ ውስጥ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ጠንካራው የላቫ ንብርብር ከላይ ድልድይ ሆኖ ቀርቷል፤ ውሃው ሥሩን በልቶ አልፏል። ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። በሌላ ቦታ ደግሞ ግድግዳው በሙሉ ባለ ማዕዘን ምሰሶ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተጠግቶ የተደረደረ። ልጁ ሰው የጠረበው ነው ብሎ ተከራከረኝ። ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሲኮማተር ይሰነጠቃል። በእኩል ፍጥነት ከቀዘቀዘ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ስድስት ማዕዘን ይይዛል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ እየዘለቀ ምሰሶ ይሠራል። የባሌን ራፉ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ምሰሶዎቹ ተለያይተው ጫካ ሆነው ቆመዋል።

እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ከለላ አለ። ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። በፈረንጆቹ 2019 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ኖረውበታል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። የባልጩት መሣሪያቸውን ድንጋይ የሚያመጡት ከላይ፣ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። ይህ የሆነው ተራራው አናት ላይ ግግር በረዶ በነበረበት ዘመን ነው።

ከለላው ራሱ ትንሽ ነገር ነው። ላቫ ከላይ ጣሪያ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ደካማ ድንጋይ ተበልቶ ጎድጉዷል። ግን ያንን ጉድጓድ አየሩና ውሃው ባይቆርጡት ኖሮ እነዚያ ሰዎች የሚጠለሉበት አልነበረም። እዚያ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን ቆሎ በላን። ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ቦታ ላይ ልጁ ብዙ ጠየቀኝ።

ረቡዕ፤ ሳነቴ

ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ አስደናቂ ነው። ጥዱ ያልቃል፣ አስታ ይተካዋል፣ እሱም ያልቃል። አራት ሺህ ሜትር ላይ ጅባራ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ራሴን ያመኝ ጀመር፤ ከፍታ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ቀስ ብሎ መሄድ ብቻ ነው መፍትሔው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው የሚመጣው ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። እኛም አየን፤ አንዷ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ተደፍታ ትጠብቅ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ ያሉት እዚህ ነው። እኔን ያመጣኝ ግን መሬቱ ነው።

ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይህ አምባ በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶ ሲወፍር በራሱ ክብደት ይፈስሳል። ሲፈስስ ከሥሩ የያዘው ድንጋይ መሬቱን ይፍቀዋል፤ የሸለቆ አናት ላይ ሲሆን ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ቦታ ይቦረቡራል። ጋርባ ጉራቻ የተባለው ትንሽ ሐይቅ የተኛው እንደዚያ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በረዶው ሲቀልጥ የተሸከመውን ድንጋይ ባለበት ይጥላል። ስለዚህ ሳነቴ ላይ ከየት መጣ የማይባል ትልቅ ድንጋይ ብቻውን ተቀምጦ ታያለህ።

ይበልጥ የገረመኝ የድንጋይ መስመሮቹ ናቸው። ዳገቱን ተከትለው ወደ ታች የሚሄዱ ረድፎች አሉ፤ አንድ ረድፍ ትላልቅ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ሣርና አፈር፣ ደግሞ ድንጋይ። አንዳንዶቹ እስከ 15 ሜትር ይሰፋሉ። ማንም አልደረደራቸውም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ያድጋል። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀዝቅዞ ሲያብጥ ድንጋዩን ወደ ላይና ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ሲቀልጥ አፈሩ ይመለሳል፣ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ትልቁ ከትንሹ ይለያል። ያንን የሚያህል ድንጋይ ለማንቀሳቀስ ግን የዛሬው የሳነቴ ብርድ አይበቃም። ድሮ እጅግ የከበደ ቅዝቃዜ እንደነበረ ድንጋዮቹ ይመሰክራሉ።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና ይወጣል። 4,377 ሜትር። ነፋሱ አያስቆምም። ከዚያ ወደ ደቡብ ሄደን የአምባው ጠርዝ ላይ ደረስን። መሬቱ እግርህ ሥር ያልቃል። ከታች ደመና፣ ከደመናው በታች የሀረና ጫካ። ከአራት ሺህ ሜትር ተነስቶ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር ይህን ግድግዳ ሲያገኝ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ጫካውም፣ የጫካ ቡናውም፣ ማሩም የዚህ ገደል ውጤቶች ናቸው። የመሬት ቅርጽ ዝናብ ይጠራል፤ ዝናብ ደግሞ ተመልሶ ቅርጹን ይበላል።

ሐሙስ፤ ሶፍ ዑመር

ከሮቤ ወደ ምስራቅ፣ ጎሮን አልፈን ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ግራር መጣ፣ ግመል መጣ። መንገዱ ዳር ያለውን ቁርጥ እያየሁ ነበር። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤ ከዚያ በድንገት ነጣ። ላቫው አለቀ። ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይ ወጣ።

«አሁን ባሕር ውስጥ ገባን» አልኩት።

ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ይህ አገር በባሕር ተውጦ ነበር። ቀንድ አውጣ፣ ዛጎልና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት ሲሞቱ ቅሪታቸው ወለሉ ላይ ተከመረ፣ ተጨመቀ፣ ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ ሸሸ። ከብዙ ዘመን በኋላ ላቫው መጥቶ ላዩ ላይ ፈሰሰ። አሁን ወይብ ላቫውን ቆርጦ ታች ደርሷል።

የኖራ ድንጋይ አንድ ድካም አለበት። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ደካማ አሲድ ይሆናል። ላቫን ብዙ አይነካውም። የኖራ ድንጋይን ግን ያሟሟዋል። ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ስንጥቁን ያሰፋል፤ ውሃ ሲበዛ መንገድ ይሆናል፤ መንገዱ ሲሰፋ ወንዙ ከላይ መሄዱን ትቶ ውስጥ ይገባል። ሶፍ ዑመር የተሠራው እንዲህ ነው። 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን መተላለፊያ አለው፤ ከአገራችን ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው።

አስጎብኚያችን የመንደሩ ወጣት ነው። ባትሪ ይዞ ቀደመን። ከመግባታችን በፊት ጫማ የምናወልቅበትን ቦታ ነገረን፤ ዋሻው ለብዙ ዘመን የሼክ ሶፍ ዑመር መቅደስ ነው፤ ሰዉ ዛሬም ለጸሎት ይመጣል። ክረምት ቢሆን አልገባም ነበር አለ። ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ያስፈልጋል፤ ሲሞላ መመለሻ የለም። ጥር ላይ ውሃው ጉልበት ድረስ ነበር።

ውስጡ ሰፊ ነው። የምሰሶዎቹ አዳራሽ የሚባለው ጋ ስንደርስ የእህቴ ልጅ ድምፁ ጠፋ። ከወለል እስከ ጣሪያ የቆሙ ግዙፍ ነጭ ምሰሶዎች። ሲያዩት የተገነባ ነው የሚመስለው። ግን የቆመው ሳይሆን የሄደው ነው መታየት ያለበት። ምሰሶዎቹ ውሃው ያልወሰዳቸው ናቸው። ድንጋዩ በሁለት አቅጣጫ በሚቆራረጡ ስንጥቆች የተከፋፈለ ነበር፤ ውሃው ስንጥቆቹን ተከትሎ በላ፤ በስንጥቆቹ መሃል ያለው ቀረ። ስለዚህ መተላለፊያዎቹም በቀጥታ ይሄዱና በማዕዘን ይታጠፋሉ። አስጎብኚው አንዱን ጥግ አብርቶ የዛጎል ቅርጽ አሳየን። ባሕሩ እዚያ አለ።

ወንዙ አጠገባችን ይሄዳል። ትናንት ጥቁር ውርጭ ያየንበት፣ በፊት በረዶ የነበረበት ከፍታ የላከው ውሃ ነው። ከዚህ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምስራቅ ይወርድና ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ጁባ የሚባል ወንዝ ሆኖ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ። ያሟሟውን ኖራ ይዞ ነው የሚሄደው። ከባሕር የመጣው ወደ ባሕር ይመለሳል።

ዓርብ፤ ወደ ሮቤ ስንመለስ

ከጎሮ በላይ ባለው እርሻ ውስጥ አዲስ ቦረቦር አየን። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እስካሁን ያየነው ሁሉ ሺህና ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ነው። ይሄ ግን የጥቂት ክረምት ሥራ ነው። ዳገቱ ላይ የነበረው ዛፍ ተቆረጠ፣ መሬቱ ወደ ታች ታረሰ፣ ጎርፉ የሚያቆመው አጣ። ሜዳን የሚሠራው ያው ውሃ ነው፤ ፍጥነቱን የለወጥነው እኛ ነን።

ቦረቦሩ ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ ድንጋይ ይደረድራሉ። ሹፌራችን በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ አነጋገራቸው። የሚሠሩት ክትር ነው፤ ጎርፉን የሚገታ የድንጋይ ግድግዳ። ታች ያለው የመጀመሪያው ክትር ባለፈው ዝናብ ደለል ይዟል፤ ከኋላው ለጥ ያለች ትንሽ መሬት ተፈጥራለች። ዝሆኔ ሣር ተክለውባታል፤ ለሁለት ላሞች ይበቃል አሉ። አሁን ከበልግ በፊት ሁለተኛውን ከላይ ለመጨረስ ይጣደፋሉ።

አንድ ነገር አየሁ። ውሃው ከክትሩ ላይ ዘሎ የሚወድቅበት ቦታ ባዶ አፈር ነበር። እዚያ ድንጋይ ካልተነጠፈ ጎርፉ ሥሩን ይቦረቡርና ግድግዳውን ይጥለዋል። በሹፌሩ በኩል ነገርኳቸው። ሄደው አዩት፣ በእግራቸው ቆረቆሩት፣ «ልክ ነው» አሉ። የእህቴ ልጅ እጅጌውን ጠቅልሎ ወረደ። ሰፋፊውን ድንጋይ እየመረጥን፣ አንዱን በሌላው እያቆላለፍን፣ መሃል መሃሉን በትናንሽ ድንጋይ እየሞላን እስከ ምሳ ሰዓት ነጠፍንላቸው። ሹፌራችን ዲንሾ ከመምሸቱ በፊት እንድረስ ብሎ እስኪጠራን ድረስ ሁለት ክንድ የሚያህል ብቻ ቀርቶ ነበር።